የቅዳሜው ጨረታና የእሑዱ መርዶ

ሁለት አገሮች ደመወዝ ከፍለውኛል። ለሁለቱም የሠራሁት ሥራ፣ ከመጠሪያውና ከወንበሩ በስተቀር፣ አንድ ዓይነት ነበር፤ የሰውን ስም አስተካክሎ መጥራት። በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የፕሮቶኮል ክፍል ውስጥ እንግዳ እቀበልና አዳራሽ እመራ ነበር። በሮማ ደግሞ በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ አናግራፌ በሚባለው የነዋሪዎች መዝገብ ክፍል፣ ከመስኮት በስተጀርባ ተቀምጬ የሰዎችን ስም ከጣልያን ፊደል ጋር አስታርቅ ነበር። ባለፈው ዓመት ጡረታ ስወጣ የሥራ ባልደረቦቼ ምሳ ጋበዙኝ። አለቃዬ ባደረጉት አጭር ንግግር ስሜን ደጋግመው ጠሩ፤ በጠሩ ቁጥርም በአዲስ መልክ አበላሹት። ቅር አላለኝም። ደግ ሰው ነበሩ፤ ስም መጥራትም ለሁሉም የተሰጠ ሙያ አይደለም።

ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች ሌላ ደመወዝ የሌለው ሦስተኛ ሥራ ነበረኝ። በሮማ የሐበሾች ማኅበራችንን የእርዳታ ግብዣዎች መድረክ እመራ፣ ጨረታም አጫርት ነበር። ጡረታው ይህንንም አብሮ ወስዶታል፤ አሁን ግብዣውን የሚመሩት ሌሎች ናቸው። የሥራ ዘመኔን በወረቀት ላይ ላሰፍር ስቀመጥ በቅድሚያ የመጣብኝ ይኸው ሦስተኛው ሥራ ሆነ። ከእሱም ውስጥ አንድ ቅዳሜና አንድ እሑድ።

ሙያውን ያስተማሩኝ አቶ ደስታ ቢተው ናቸው። የፕሮቶኮል ክፍላችን ኃላፊ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሰው። ግብዣ በተዘጋጀ ቁጥር ከሁሉም ቀድመው ይመጡና በባዶው አዳራሽ የመጨረሻ ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። እኔ መድረክ ላይ ቆሜ የተጋባዦቹን ስም እንዳነብ ያዝዙኛል።

«አልሰማሁህም» ይላሉ።

እደግማለሁ።

«አሁን ሰማሁህ፤ ግን አላመንኩህም።»

ስሙን የምጠራው ሰውየውን ከልጅነቱ ጀምሮ የማውቀው መስሎ እስኪሰማቸው ድረስ ከወንበራቸው አይነሡም ነበር። የእንግዳን ስም ከወረቀት አይቀበሉም፤ በር ላይ ቆመው ከባለቤቱ አፍ ከሰሙት በኋላ ከንፈራቸውን ያለድምፅ እያንቀሳቀሱ ይለማመዱታል። ስህተት ቢፈጠር በማይክ ይቅርታ አይጠይቁም፤ ከመድረክ ወርደው፣ ጎንበስ ብለው፣ በጆሮ ይጠይቃሉ። ከሁሉ አጥብቀው ያስተማሩኝ ግን ዝም ማለትን ነው።

«ስም ጠርተህ ስትጨርስ አፍህን ግጠም» ይሉኝ ነበር። «ከዚያ ወዲያ ያለው የአዳራሹ ነው። ጭብጨባውን አትሻማ። ስሙ ተጠርቶ እስኪጨበጨብለት ያለችው ትንፋሽ የሰውየው ናት፤ አትንካበት።»

እኔም ከመልመዴ የተነሣ ልማድ መሆኑን እስክረሳው ድረስ ያዝኩት።

መንግሥት ሲለወጥ ክፍላችን ታጠፈ። አቶ ደስታ ግራጫ ኮታቸውን እንደለበሱ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ እኔ ወደ ሮማ መጣሁ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ በር ጠባቂ፣ እዚህ ፖርቲዬሬ በሚሉት ሥራ አሳለፍኩ፤ በዚያም ቢሆን የነዋሪዎቹን ሁሉ ስም አሳምሬ እጠራ ነበር። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ወደ ዜግነት ሲለወጥ በውድድር ፈተና አልፌ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ገባሁ። ደመወዙ የሚያስወራ አልነበረም። ሥራው ግን የሚናቅ አይደለም። ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ የሚመጡ የአገራችን አባቶች በጣልያን ሕግ ልጁ በእነሱ ሳይሆን በአያቱ ስም እንደሚጠራ ሲሰሙ ፊታቸው ይለዋወጣል። «የእኔ ልጅ አይደለም ማለትዎ ነው?» ብሎ መስኮቱን የደበደበብኝ አለ። እንደነዚህ ያሉትን አረጋግቼ፣ ሕጉ የሚፈቅደውን ያህል አስተካክዬ መመለስ ከቀን ቀን እየቀለለኝ ሄደ።

ማኅበራችን መድረክ መሪ አድርጎ የመረጠኝ በቀድሞ ሥራዬ ምክንያት ነው። ጨረታችን እንደ ጣልያኖቹ ጨረታ አይደለም። የሚሸጠው አንድ ድፎ ዳቦ፣ አንድ ጃንጥላ ወይም አንድ የእመቤታችን ስዕል ሊሆን ይችላል። ያሸነፈው ሰው «ለማኅበሩ መልሻለሁ» ይላል፤ ዕቃው እንደገና ይቀርባል። ደጋግሞ ከመሸጡ የተነሣ የሚበላው ሳያገኝ የደረቀ ዳቦ አውቃለሁ። ደግሞም ሰው የሚጫረተው በራሱ ስም አይደለም። «በእናቴ ስም»፣ «ጅዳ ባለችው ታናሼ ስም» ይላል። አጫራቹ ስሙን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል፤ አዳራሹ በጭብጨባና በእልልታ ይመልሳል። በዚያች ቅጽበት ያ ሩቅ ያለ ሰው በር ከፍቶ የገባ ይመስላል። አብዛኞቹ ተጫራቾቻችን በሰው ቤት እያደሩ የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ «ሲ ሲኞራ»፣ እሺ እመቤቴ፣ ሲሉ ሰንብተው የራሳቸውን ሰው ስም በአደባባይ ለማስጠራት ይመጣሉ። ይህን የተረዳ አጫራች ዋጋ ለማስጨመር መጮህ አያስፈልገውም።

ሌላው ዘዴ ነው። የመጀመሪያው ዕቃ ትንሽና አስቂኝ ይሁን። የተቀያየሙ ሰዎች በአንድ ወገን አይቀመጡ። ፊት ሳይሆን እጅ ይታይ፤ ፊት ይዋሻል። የመጀመሪያውን ዋጋ የሚጠራ ሰው አስቀድሞ ይመደብ። የእኔ ምድብተኛ ተክሌ ነበር። አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ የተማረ፣ በፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ በርበሬና ቅመም የሚሸጥ ሰው ነው። ሁልጊዜ ከግብዣው በፊት መጥቶ «ጋሽ ታፈሰ፣ ዛሬ ደግሞ በስንት ሊያከስሩኝ ነው?» ይለኛል።

አሁን ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ።

አበራሽና ሰናይት እህትማማቾች ነበሩ። ታላቋ አበራሽ ከአልጋ የማይነሱ አንዲት አሮጊት ሲኞራ ቤት እያደረች ታስታምማለች፤ እረፍቷ ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ብቻ ነው። ታናሿ ሰናይት በሊቢያ አድርጋ ባሕር ተሻግራ መጣችና ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ባለው የስደተኞች መቀበያ ጥቂት ጊዜ ቆየች። ሐሙስ ሐሙስ ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ ተገናኝተው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲበሉ አልፎ አልፎ አያቸው ነበር። አበራሽ ምግቡን ከሲኞራዋ ወጥ ቤት በሳህን ሸፍና ታመጣለች፤ ሰናይት ትበላለች፤ አበራሽ ስትበላ ታያታለች።

ከዚያ ሰናይት ጀርመን እገባለሁ ብላ ተሳፈረች። ድንበሩን ከሌሎች ጋር በእግር ልታቋርጥ ስትሞክር አውራ ጎዳናው ላይ መኪና ገጭቷት ሞተች። አስከሬኗን ለይቶ የፈረመው ቦሎኛ የሚኖር የአጎታቸው ልጅ ነው። እሱም ወደ አበራሽ ለመደወል አልደፈረምና ወደ ማኅበራችን ሊቀመንበር፣ ወደ ወይዘሮ ስንዱ፣ ደወለ።

ወይዘሮ ስንዱ በሮማ በሰው ቤት ሥራ ያረጁ፣ የብዙዎቻችንን ሠርግና ሀዘን የመሩ ሴት ናቸው። በዚያው ሳምንት ቲቡርቲና አጠገብ በተከራዩአት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሰበሰቡን። አስከሬኑን ወደ አባቷ መላክ እንዳለብን የተከራከረ አልነበረም። የተከራከርነው ስለ መርዶው ነው።

«ቅድሚያ ለአበራሽ እንንገራት» አልኩ። «ከዚያ በኋላ የመላኪያውን ገንዘብ የምንሰበስብበትን ግብዣ እናዘጋጅ።»

«የት ነው የምንነግራት፣ አቶ ታፈሰ?» አሉ ወይዘሮ ስንዱ። «ሲኞራዋ ሳሎን? ይህን ያህል ሰው ነጠላ ለብሰን ደወል ልንደውል? እሷ መሬት ስትወድቅ ሲኞራዋ ከአልጋ ላይ ውሃ አምጪልኝ ልትላት? አሎራ፣ ታዲያ አልቅሳ ስትጨርስስ? ዓይኗን ጠርጋ አሮጊቷን ትገለብጣለች?»

«ሐሙስ እስክትወጣ እንጠብቅ» አለ ተክሌ።

«ሐሙስ ነግረናት በማታ ወደዚያ ቤት ልንመልሳት? መርዶ የተነገረው ሰው ቤቱ ይቀመጣል፤ ሰው ይመጣለታል። የሚመጣላት በር የላትም።»

«ታዲያ እህቷ ሳትሰማ በሬሳዋ ስም ጥብስ እየበላን ጨረታ ልንጫወት ነው?»

«ሌላ ዘዴ ካለህ አምጣ። ወይስ በርበሬህን ቸርችረህ ትልካታለህ?»

ወይዘሮ ስንዱ ያቀረቡት ሐሳብ ይህ ነበር፤ ግብዣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ቅዳሜ አበራሽ ሥራ ላይ ናት። የመላኪያው ገንዘብ ነገር ካለቀ በኋላ እሑድ ማለዳ ከቅዳሴ በፊት ወደ ቤታቸው ይጠሯታል፤ እዚያ በአግባቡ ትረዳለች፤ ሳምንቱንም እዚያው ትቀመጣለች። ለሲኞራዋ ምትክ ሠራተኛ እንኳ አስበው ነበር። እስከዚያ ግን «ሰናይት ጀርመን ገብታለች፤ ካምፕ ውስጥ ስልክ አይፈቀድም» ብለው ነገሯት። እኔም ቅደም ተከተሉን ተመለከትኩት፤ እንከን አላገኘሁበትም። የመድረኩን ሥነ ሥርዓት አዘጋጅቼ ቤቴ ሄድኩ።

አዳራሹ ከፒያሳ ቪቶሪዮ ብዙም የማይርቅ፣ የተከራየነው ምድር ቤት ነበር። በሩ አጠገብ ጠረጴዛ አኖርን። በላዩ የሰናይት ፎቶ፣ አንድ የበራ ጧፍና የቶምቦላው ሳጥን ነበሩ። የቶምቦላው አንደኛ ዕጣ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ የአውሮፕላን ቲኬት ነው። ሰው ገብቶ ፎቶውን እያየ ደረቱን ይነካል፤ ዕጣውን ይቆርጣል፤ ከዚያ ሳህን ይዞ ይሰለፋል። እኔ እንደ ልማዴ ቀድሜ ደርሼ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ሆኖ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል።

ሁለተኛው ዕቃ፣ አንድ ጃንጥላ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ከመድረኩ ሆኜ በሩ ሲከፈት አየሁ። አበራሽ ናት። ሰማያዊ ሹራብ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ፣ የቶምቦላ ቲኬት በእጇ እያውለበለበች ገባች። ለካ በሩቅ የሚኖር ልጃቸው ሲኞራዋን ሊጠይቅ መጥቶ ኖሮ ከሰዓቱን ለቀዋታል። ቲኬቱን የገዛችው ደግሞ ሐሙስ ዕለት ከተክሌ ሱቅ ነው፤ የሸጠላት አዲስ ተቀጣሪ ማንነቷን አያውቅም።

ተክሌ በሩ አጠገብ ነበር። ኋላ እንደነገረኝ፣ ጧፉን በመዳፉ አጥፍቶ፣ ፎቶውን በፊቱ ደፍቶ ሳጥኑን ከጫነበት በኋላ ነው ቀና ያለው።

«ምን ሸተተኝ? ጧፍ ነው?» አለችው።

«መብራት ጠፍቶ ነበር።»

«ሮማ?»

«ሮማም ይጠፋል እኮ፣ አንቺ። ሲኞራሽ ቤት ብቻ ነው የማይጠፋው።»

ሳቀችና አለፈች። ወይዘሮ ስንዱ ተንደርድረው ተቀበሏት፤ አቅፈው ከኋላ ረድፍ አስቀመጧት።

«ለምንድን ነው የሚዋጣው?» አለች።

«ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልተነገረኝም?»

«ሥራ ላይ ነሽ ብለን ነው፣ ልጄ። ብዪ፣ ብዪ። ቀዝቅዞብሻል።»

ወሬው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ በሹክሹክታ ሲዞር ከመድረኩ በግልጽ ይታየኝ ነበር፤ ጭንቅላቶች አንድ በአንድ ይቀርቡና ይለያያሉ፤ ከዚያ ማንም ወደ ኋላ አይዞርም። ጨረታውን አቋርጬ ሰዉን ልበትን አሰብኩ። በመሃል የተቋረጠ ግብዣ ግን «ምን ተፈጠረ?» ያሰኛል፤ መልሱም በሩ ላይ ከሰው አፍ ያመልጣል። መቀጠሉ የተሻለ መሰለኝ። «ለዛሬው ጉዳያችን» እያልኩ፣ የሟቿን ስም የያዘውን ንግግር ኪሴ ውስጥ ትቼ፣ ቀልድ ጨምሬ አዳራሹን ያዝኩት። ያን ያህል ተጠንቅቄ የመራሁት መድረክ የለም። ከቤተ መንግሥት እንግዶች ፊት ቆሜ እንኳ እንደዚያ አልተጠነቀቅሁም። ሰዉም ረዳኝ፤ እየተጨነቀ ሳቀልኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሄደ። ይሳካል ብዬ አመንኩ።

የመጨረሻው ዕቃ ጋቢ ነበር። አንዲት እናት ከአገር ያስመጡት፣ ድርብ፣ ወፍራም ጋቢ። ተክሌ ዋጋ ጠራ። ከኋላ አበራሽ እጇን አነሣች። ተክሌ ሊያስተዋት ጨመረ፤ እሷም ጨመረች። እንደገና ጨመረ።

«አንተ ተክሌ!» ብላ ጮኸች። «ቤትህ ማሞቂያ የለውም እንዴ? ለበርበሬህ ልታለብሰው ነው?»

አዳራሹ ሳቀ፤ የዚያን ቀን ሳይጨነቅ የሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ተክሌ ወደ እኔ አየ። ከዚህ በላይ ቢጫረታት ነገር እንደሚመስል ሁለታችንም ገባን። እጁን አወረደ።

«ጋቢው ለእህታችን ለአበራሽ!» አልኩና በማን ስም እንደሆነ ሳልጠይቅ ጭብጨባ ለመንኩላት። ተጨበጨበ። ጋቢውን ወሰዱላት። ልንዘጋ ነበር።

«ጋሼ፣ ቆዩ እንጂ!» አለች ቆማ። «ስም አለው እኮ! ምነው ለእኔ ሲሆን ረሱት?» ጋቢውን በሁለት እጇ አቅፋዋለች። «በእህቴ በሰናይት ስም ነው። ደግሞ አልመልስም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ጀርመን ብርድ ላይ ናት፤ እሰድላታለሁ።»

ከዚያ እንድደግመው ጠበቀች። ደንቡ ነውና ማይኩን ወደ አፌ አስጠግቼ «በእህቷ በሰናይት ስም» አልኩ። ከኋላ ረድፍ እንደሚሰማ፣ እንደሚታመን አድርጌ ጠራሁት። አፌንም ገጠምኩ።

በዚያች ቅጽበት ራሴ ማጨብጨብ ነበረብኝ። ወይም ወዲያው የቶምቦላውን ዕጣ ማስወጣት፣ ሙዚቃ ማስከፈት፣ አንዳች ነገር መናገር። ትንሽ ድምፅ ያሻግራት ነበር። እኔ ግን እንደተማርኩት ትንፋሹን ለአዳራሹ ተውኩለት። አዳራሹም ለሞተ ሰው የሚያጨበጭብበት እጅ አጣ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አጨብጭቦ ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ ተወው። ያ ከዝምታው የባሰ ነበር።

ከፊት ረድፍ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት፣ እያወቁ አይመስለኝም፣ እጃቸው ወደ ነጠላቸው ሄደ። ጥለቱን ከታች ወደ ላይ መልሰው አዘቀዘቁት። ከጎናቸው ያለችውም አዘቀዘቀች። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ረድፍ። ማንም ቃል ሳይናገር አዳራሹ ሁሉ የሀዘን ልብስ ለበሰ።

አበራሽ ከጥግ እስከ ጥግ አየቻቸው። ከዚያ የራሷን ነጠላ አየች።

ማይኩን ወንበር ላይ ትቼ ወረድኩ። ደርሼ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ስል በመዳፏ አፌን ከደነችው። እጇ የሳሙና ሽታ ነበረው።

«አይንገሩኝ» አለች። «እዚህ አይንገሩኝ፣ ጋሼ። ጥብስ እየሸተተ አይንገሩኝ።» ወደ ወይዘሮ ስንዱ ዞረች። «መቼ ነበር ልትነግሩኝ?»

«ነገ… ነገ ጠዋት፣ ልጄ። እኔ ቤት።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ንገሩኝ። እስከዚያ አልሰማሁም።»

«አበራሽ፣ የኔ እናት፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ…»

«አልሰማሁም አልኩ እኮ፣ እትዬ። የእናቴን በስልክ ነው የሰማሁት። ሲኞራ እንዳትሰማኝ ቧንቧ ከፍቼ ሽንት ቤት ውስጥ ነው ያለቀስኩት። ይቺን እንኳ እንደ ሰው ንገሩኝ።» እጇን ዘረጋች። «ቤትዎን ያበድሩኝ። ቁልፉን ይስጡኝ።»

ወይዘሮ ስንዱ ቁልፉን ከጡት መያዣቸው አውጥተው ሰጧት። አብረዋት ሊሄዱ ሲነሡ «ብቻዬን» አለች። ጋቢውን ይዛ ወጣች። ተክሌ ሳታየው በሩቅ ተከትሎ እስከ ደጃፉ ሸኛት። እኛ ወንበር አጠፍን። ቶምቦላው አልወጣም፤ ሳጥኑን ያነሣ አልነበረም፤ ፎቶው ከሥሩ ነበርና።

እሑድ ማለዳ ሕንፃው ሥር ተሰበሰብን። ከቅዳሜው አዳራሽ ግማሹ መጥቶ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ የራሳቸውን ደጅ እንደ እንግዳ ቆመው ይጠብቃሉ። ሌሊቱን ጎረቤት አድረው፣ በግድግዳው በኩል ሲያዳምጡ ነጋባቸው። የሰሙት ወንበር ሲጎተትና ወለል ሲታጠብ ብቻ ነው።

«ምን ልንላት ነው?» አለ ተክሌ። ዓይኑ አብጦ ነበር። «የምታውቀውን ልንነግራት?»

«አላወቅሁም ብላለች» አልኩት። «ለማታውቅ ሰው እንደሚነገረው እንነግራታለን።»

መርዶውን እኔ እንድናገር ተስማሙ። ወጣን፤ አንኳኳን። በሩን ራሷ ከፈተችው። ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ነጠላዋን እንደ ደህና ቀን ለብሳ ነበር። ወንበሮቹን ሁሉ በግድግዳው ዙሪያ ደርድራቸዋለች።

«ምነው በጠዋቱ?» አለች። «በደህና ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። «እንግባ ወይ፣ ልጄ?»

«ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ። ይግቡ።» እያንዳንዳችንን በየተራ ወንበር አስያዘች። ለሁሉም አልበቃም፤ የቀረው ቆመ። እሷም መሃል ቆማ እጆቿን አጣምራ ጠበቀችኝ። እንባ የለም። ፊቷ ላይ ያየሁት፣ በመስኮቴ ፊት ለዓመታት ካየኋቸው ፊቶች ሁሉ የማውቀው ነበር፤ ተራው እስኪደርስ የቆመ ሰው ፊት።

በሕይወቴ ብዙ ስም ጠርቻለሁ፤ የሚኒስትር፣ የአምባሳደር፣ የሙሽራ። ተነሥቼ የሰናይትን ስም ከአባቷና ከአያቷ ጋር ጠራሁ። የት እንደሞተች፣ እንዴት እንደሞተች፣ ብቻዋን እንዳልነበረች፣ ወደ አባቷ እንደምትሄድ ተናገርኩ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ምንም አልቀነስኩም። «አንቺን ያጽናሽ፣ ልጄ» አልኩ።

የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ተክሌና ሌላ ሰው ደርሰው ባይዟት ኖሮ ወለሉ ይጎዳት ነበር። ሴቶቹ ተቀበሏት። ጩኸቷ ደረጃውን ወርዶ ግቢው ውስጥ ሲያስተጋባ በየፎቁ መስኮት ሲከፈት ይሰማ ነበር። ከቀትር በፊት ከካስቴልኑቮ ሳይቀር ከሰናይት ጋር የነበሩ ልጆች መጡ፤ ቤቱ ሞልቶ ሰው ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ስልኳ ደጋግሞ ጠራ። በመጨረሻ ወይዘሮ ስንዱ አነሡት። የሲኞራዋ ልጅ ነው። ባቡሩ እንደ ደረሰበት፣ እናቱ ቁርስ እንቢ እንዳሉ ይነግራቸዋል፤ ማታ ያልተመለሰችው አበራሽ የት እንዳለች ይጠይቃል።

«አበራሽ ቤቷ ናት» አሉት ወይዘሮ ስንዱ በጣልያንኛ፣ አንድ ጆሯቸውን ከለቅሶው እየከለሉ። «መምጣት አትችልም። ቤቷ ሰው ሞልቶባታል።»